የማልነግራችሁ መንገድ

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው መንገዱን ይናገራል። እኔ አልናገርም። ከኮሎምበስ እስከ ቶሊዶ ድረስ ያለውን ጉድጓዱን ሳይቀር እነግራችኋለሁ። ከቶሊዶ በኋላ ግን የመንገድ ቁጥር፣ የከተማ ስም፣ የመውጫ ስም ከኔ አትጠብቁ። አንድ ጊዜ ተናግሬ ምን እንደመጣ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የኦሃዮዋ ኮሎምበስ የካርጎ ቫን ሹፌሮች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን። የሚጫን ሎድ የት እንዳለ፣ ፖሊስ የት እንደተደበቀ፣ የትኛው ዌርሃውስ ሹፌር ሽንት ቤት እንደሚከለክል እንነጋገራለን። አምና በልግ ላይ አንድ አቋራጭ አገኘሁ። ሃይዌዩ ከተማውን ዞሮ፣ መብራት ለመብራት አቁሞ የሚበላብንን ሃያ አምስት ደቂቃ ይቆርጣል። የሚያልፈው በአገሩ ነባር ሰዎች መሬት ውስጥ ነው፣ እኛ ቀይ ህንዶች እያልን በምንጠራቸው። ወርቅ እንዳገኘ ሰው ግሩፑ ላይ ቮይስ ለቀቅኩ። «ፖሊሱ የነሱ ነው፣ እናንተን አይቀጣም፣ ዝም ብላችሁ ነዳጁን እርገጡት» አልኩ። ሰው ሁሉ የጭብጨባ ምልክት ላከልኝ። ኮራሁ።

ከስድስት ሳምንት በፊት ቤት የምንጋራው ሳሚ እንዳልኩት ረገጠው። ዶና የምትባል ሴትዮ ከፖስታ ሳጥኗ ደብዳቤ ልታወጣ መንገዱን ስትሻገር መታት። አልሞተችም። ዳሌዋና አንድ እግሯ ተሰበረ። ሳሚ ቆሟል፣ አምቡላንስ ጠርቷል፣ እጇን ይዞ አልቅሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሶፋው ላይ ነው። ኢንሹራንሱም ሎየሩም «እንዳትደውል፣ እንዳትሄድ፣ ሶሪ እንዳትል፣ ሶሪ ካልክ ጥፋቱን አመንክ ማለት ነው» ብለውታል። ሰው ገጭተህ ይቅርታ እንዳትል ተብሎ የሚመከርበት አገር ነው የምንኖረው። እሱ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ግሩፑ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ በዚያው መንገድ ይበራል። «ሳሚ ሳያይ ነው» ይላሉ። ሌላ ሰው እስኪመታ ነው የሚጠብቁት።

እኔ መጠበቅ አቃተኝ። የዶናን ወንድም ስልክ ከአደጋው ሪፖርት ላይ አገኘሁና ደወልኩ። «ከልጁ ወገን ሽማግሌ ሊመጣ ይፈልጋል» አልኩት። ሰውየው «ቅዳሜ ኑ። ምሳ አለ» አለኝ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ዋይትሆል

ጋሼ መኮንን አፓርታማቸው በር ላይ በሱፍና በከራባት ቆመው ጠበቁኝ። ጋሼ ኤርፖርት ሻትል ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሰፈራችን ዋይትሆል ውስጥ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ሁለት ሸሪኮች ቢካካዱ እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። ሶስት ሽማግሌ ነበር የተባለው። አንድ ብቻ አየሁ።

«ሌሎቹስ ጋሼ?»

«አንዱ ኦቨርታይም ተሰጠው። ሌላው ደግሞ ኦቨርታይም ቢከለከል ጊዜ ጀርባውን አመመው።»

«ሽምግልና በአንድ ሰው ይኬዳል እንዴ?»

«ሁለት ነን። አንተስ ሰው አይደለህም?»

«ሃያ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው።»

«መንገድ ላይ ታረጃለህ። ንዳ።»

በግ ይዘን እንሂድ ብለውኝ ነበር በሳምንቱ መጀመሪያ። በቫን፣ በሃይዌይ፣ በግ። ስንት ቀን ተከራክሬ ወደ ብርቱካን አወረድኳቸው። ለታመመ ሰው ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ሁለት ከረጢት ብርቱካንና አንድ ካርቶን ጁስ ከኋላ ጭነዋል።

ከ270 ሃይዌይ ወጥተን 23ን ይዘን ወደ ሰሜን። ደላዌር የምትባለዋ ከተማ አካባቢ ያው የታወቀው ነው፣ መብራት ሲለቅህ ሌላ መብራት ይይዝሃል። ከዚያ መንገዱ ሲከፈት እኔም ተከፈትኩ። የመጋቢት መጨረሻ ነው፣ እርሻው ገና አልታረሰም፣ ጥግ ጥጉ ላይ የጠቆረ በረዶ ቀርቷል። ጋሼ ወደ ዳሽቦርዱ ዘንበል አሉ።

«ቢኒ።»

«አቤት።»

«ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የምንሄደው ወይስ ደግመን ልንመታ?»

በሰዓት ሰማንያ አምስት ማይል ላይ ነበርኩ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።

ፊንድሌይ ሳንደርስ ጋዝ ቀዳን። ሆት ዶግ ሁለቱ በአራት ዶላር፣ ቡና ሁለት ዶላር፣ ቡናው የካልሲ እጣቢ ይመስላል። ለጋሼ ሙዝ ገዛሁላቸው። አልነካም አሉ።

«ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳያልቅ እህል አይቀምስም።»

«ከኮሎምበስ ጀምሮ ነው እንዴ?»

«ከልብ ጀምሮ ነው።»

እኔ ሁለቱንም ሆት ዶግ በላሁ። የዛሬ ሽማግሌ ነኝ፣ ህጉ ገና አልደረሰኝም።

ከቶሊዶ ወዲያ

እዚህ ላይ መንገዱን አቆማለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። ይበቃችኋል።

የነሱ መሬት መጀመሩን የሚናገር አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ሃምሳ አምስት ማይል የሚል ሌላ ሰሌዳ አጠገቧ አለ። በሰላሳ አምስት ገባሁ። ከኋላዬ አንድ ፒክአፕ ጡሩንባውን እየነፋ ቀድሞኝ ሄደ።

ልንገራችሁ፣ በዚህ መንገድ አርባ ጊዜ ሳላልፍ አልቀርም። አንድም ቤት አላየሁም ነበር። በሰባ ማይል ቤት አይታይም፣ ዛፍና የአስፋልት ቀለም ነው የሚታየው። አሁን በሰላሳ አምስት ስነዳ ቤቶቹ ወጡ። የህጻናት ሳይክል በረንዳ ላይ፣ የተሰጣ ልብስ፣ «ትኩስ ዓሳ» የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን። የእግረኛ መንገድ የለም። የመንገድ መብራት የለም። አንዲት ሴት የህጻን ጋሪ በቦዩ ጭቃ ውስጥ ትገፋለች፣ አስፋልቱ ላይ ብትወጣ እኛ አለን። ቤቶቹ በግራ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ በሙሉ በቀኝ። ፖስተኛው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ በየቀኑ ለአንድ የመብራት ቢል ህይወቱን ይዞ ይሻገራል።

የኮሎምበስ ሀብታሞች የሚኖሩበት አፐር አርሊንግተን ዕቃ አድርሼ አውቃለሁ። እዚያ አስፋልቱ ላይ ጉብታ አለ፣ ፍጥነትህን በቁጥር እያበራ የሚያሳፍርህ ሰሌዳ አለ፣ ውሻ የምታንሸራሽር ሴትዮ እጇን ዘርግታ ቀስ በል ትልሃለች። እኛም እንደ ታረመ ልጅ በሃያ አምስት እንነዳለን። ማንም ግሩፕ ላይ «አፐር አርሊንግተን እርገጡት» ብሎ አያውቅም። እኔም አላልኩም። የት እንደሚረገጥ እናውቃለን እኛ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ የዶና ቤት

ዶና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና በሩን ራሷ ከፈተች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት፣ ሽሩባዋ ግራጫ፣ አይኗ ቀጥ ብሎ የሚያይ። ወንድሟ ሬይ ከኋላዋ ቆሟል። የጎሳው መስተዳድር የመንገድ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ቢጫ ጃኬቱን አላወለቀም። ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል። የአጋዘን ስጋ ሾርባ ከጥቁር ረጃጅም ሩዝ ጋር፣ አጠገቡ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ዳቦ። ሽታው ሆት ዶጌን አስረሳኝ።

«ተቀመጡ፣ ብሉ» አለች።

ጋሼ አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። «ንገራት» አሉኝ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም።»

ነገርኳት። ዶና ሬይን አየችው። ሬይ ሾርባውን አየ።

«እዚህ ቤት ሰው ሳይበላ ቁምነገር አይወራም» አለች። «የራበው ሰው የሚናገረውን አናምንም።»

ለጋሼ ተረጎምኩ። «በኛ አገር ደግሞ የጠገበ ሽማግሌ አይታመንም በላት» አሉ።

አልኳት። ጋሼ ቆመዋል፣ ዶና ማንኪያውን ይዛ ተቀምጣለች፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ እኔ መሀል ላይ ነኝ። ጋሼ ፋታ ሳይሰጡኝ ይናገራሉ፣ ትህትናቸው ግን ወደ እንግሊዝኛ አልገባ ብሎኝ እንደ ድንጋይ ይወጣል። ዶና ያየችው ምግቧን የናቀ ሰውዬ ነው። ጋሼ ያዩት ልመናቸውን መስማት ያልፈለገች ሴት ነው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ በቃ፣ ተቀይማለች» አልኳቸው በአማርኛ።

«ከተቀመጥኩ የመጣሁት ለምሳ ነው። ለምሳ አምስት ሰዓት አልነዳንም።»

«አራት ተኩል ነው።»

«ዝም በል።»

ዶና በጣቷ ወደ እሳቸው ጠቆመች። «ምንድነው የሚፈልገው? በአንድ ቃል።»

«ይቅርታ» አልኩ። «ለሳሚ። ለልጁ።»

ማንኪያውን አስቀመጠችው። «ልጁን አልጠላውም» አለች። «እጄን ይዞ እንደ ህጻን አለቀሰ። እኔ የምጠላው መንገዱን ነው። ይቅር ብያለሁ ብል ደስ ብሏችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሰኞ ደግሞ ቫኖቹ ይመጣሉ። እንዴት ነው ይሄ ሁሉ የኦሃዮ ታርጋ ያለው ቫን የኛን መንገድ ያወቀው?»

ለጋሼ መተርጎም ነበረብኝ። አልተረጎምኩም። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አልኳት። ቮይሱን ስለቀቅኩት፣ ፖሊስ አይቀጣችሁም ማለቴን፣ እርገጡት ማለቴን፣ ሁሉንም። ጋሼ ቃሉን ባይለዩትም ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ ትከሻዬን ያዙኝ።

ሬይ ቮይሱን መቼ እንደለቀቅኩት ጠየቀኝ። ስልኬን አውጥቼ ቀኑን አሳየሁት። ከዚያ እሱ ከመሳቢያ አንድ ደብዳቤ አወጣ።

ደብዳቤው

ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አስደግሜ ነው የገባኝ።

መሬቱ የነሱ ነው፣ አስፋልቱ ግን የስቴቱ መንግስት ነው። በራሳቸው በር ላይ የፍጥነት ሰሌዳ መቀየር አይችሉም፣ መለመን ነው ያለባቸው። ሃምሳ አምስቱን ወደ ሰላሳ አምስት አውርዱልን ብለው ለመኑ። ስቴቱ አምና በልግ ሰው ላከ፣ አስፋልቱ ላይ ጥቁር የጎማ ቱቦ ዘርግቶ ለአንድ ሳምንት የመኪናውን ፍጥነት ለካ። መልሱ ምን መጣ? አብዛኛው ሹፌር ከስልሳ አምስት በላይ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ሰላሳ አምስት ለዚህ መንገድ አይስማማም። ሃምሳ አምስቱ ይቆይ።

ገባችሁ? የፍጥነቱን ልክ የሚወስነው የሚሮጠው ሰው ነው። ሌባ ስለበዛ በሩን አስፉት እንደማለት ነው። ይሄን ህግ የሚያወጣ ሰው ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ነው እንግዲህ። እኔ አስራ አንደኛን አቋርጬ ነው፣ ለኔ እብደት ነው።

ቱቦው የተዘረጋው ደግሞ ቮይሱን ከለቀቅኩ በአስረኛው ቀን ነው። የተለካነው እኛ ነን። የኔ ግሩፕ ነው ያን ደብዳቤ የጻፈው።

«ዶና ከተመታች በኋላ እንደገና ጠየቅን» አለ ሬይ። «እሺ ብለዋል። ቱቦው ከነገ ወዲያ ሰኞ ይዘረጋል፣ ለአንድ ሳምንት። የናንተ ቫኖች እንዳምናው ከበረሩ አለቀ፣ ሌላ ዕድል የለም።»

«ፖሊሳችሁስ?» አልኩት።

«ማስቆም ይችላል። ግን የጎሳችን ያልሆነን ሰው የምንቀጣበት ፍርድ ቤት የለንም። የካውንቲው ፖሊስ እስኪመጣ ሹፌሩ ሄዷል። አንተ እኮ በደንብ አውቀኸዋል።»

ሁሉንም ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ ኮፍያቸውን አደረጉ። «መንገዱን አሳዩኝ» አሉ።

ሰባት ሰዓት፣ የፖስታ ሳጥኑ ፊት ለፊት

ወጣን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሬይ ፍጥነት የሚለካ የእጅ ራዳር ይዟል፣ ዶናን በወንበሯ ገፍቼ መንገዱ ዳር ድረስ አመጣኋት። መኪና በመጣ ቁጥር ሬይ ቁጥሩን ይጠራል፣ ዶና ደብተር ላይ ትጽፋለች። ስልሳ ሁለት። ሃምሳ ስምንት። ሰባ። ንፋሱ የጋሼን ከራባት ወደ ትከሻቸው ይወረውረዋል። ሰባው ሲያልፍ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«በዚህ ፍጥነት ነው የተመታችው?»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው።

«እና ነፍሷ አለች።»

ከዚያ ነጭ ካርጎ ቫን ከኩርባው ብቅ አለ። ሬይ «ሰባ አራት» አለ። የኦሃዮ ታርጋ። ሹፌሩ ሮቤል ነው፣ ከግሩፑ፣ ባለፈው ሳምንት አብረን ምሳ የበላን። አየኝ፣ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋልኝ፣ እጁን በደስታ አውለበለበ፣ አለፈ። የዶና ደብተር ገጹ በንፋሱ ተገለበጠ።

ደቂቃ ሳይሞላ ኮል አደረገኝ።

«ቢኒዬ፣ ምን ትሰራለህ እዚያ? ተበላሽቶብህ ነው?»

«ሮቤል፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ሳሚ የመታት ሴትዮ አጠገቤ ናት።»

«ፖሊስ አለ እንዴ?»

«ሰው አለ እልሃለሁ።»

«እኮ፣ ፖሊስ አለ ወይ?»

«ሰኞ ፍጥነት የሚለካ ቱቦ ይዘረጋል። በዚህ መንገድ አትምጡ፣ ከመጣችሁም በሰላሳ አምስት።»

ሳቀ። «በሰላሳ አምስት ከምሄድ በሃይዌዩ አልዞርም? ሎዱን አንተ ታደርስልኛለህ? ደግሞ ያሳየኸን አንተ አይደለህ እንዴ፣ ዛሬ ቄስ ሆንክብን?»

ዘጋው። አማርኛውን ማንም አልተረጎመላትም፣ ዶና ግን የገባት ትመስላለች። «አይሰሙህም» አለች።

«አይሰሙኝም።»

«እኔንም ለሃያ ዓመት አልሰሙኝም። ና እንግባ፣ ሳምባህን አትጨርስ።»

ቤት ስንገባ ሾርባውን መልሳ አሞቀች። ጋሼ ጠረጴዛው ጋ ቆሙ። ዶና አየቻቸውና፣ «ይቅርታውን ቱቦው ከተነሳ በኋላ እናወራለን በለው። ይሄ እርቅ አይደለም፣ ምሳ ነው» አለችኝ።

ተረጎምኩ። ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «እውነቷን ነው» አሉ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እሷ ቀድማ የምትፈልገው እያለ የኛን ማስቀደም ደግ አይደለም። ዳቦውን አቀብለኝ።» ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጡ። ዶና ሶስተኛ ልትቀዳላቸው ስትል ከልክ በላይ ነው ብለው ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ፣ ቀዳችው። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው።

ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዋይትሆል

ስንመለስ ለሮቤል እንዳልኩት ቀስ ብዬ ነዳሁ። የቀደመኝ ሁሉ ሲሰድበኝ መጣ። ጋሼን በራቸው ላይ አውርጄ ቤት ስገባ ሳሚ ሶፋው ላይ ነበር።

«ይቅር አለችኝ?»

«አልጠላችህም። ይቅርታው ግን ገና ነው።» ስለ ቱቦው ነገርኩት፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ሮቤል። ግሩፑ ላይ አዲስ ቮይስ ለቅቄ እንደነበር፣ ምን እንደመለሱልኝም። «ሰባኪው ቢኒ» ብለውኛል። አንዱ የኤሊ ስዕል ለጥፎልኛል።

ሳሚ ስልኩን አነሳ።

«ሎየሩ እንዳትናገር ብሎሃል» አልኩት። «ሊጎዳህ ይችላል።»

«ሰባ አንድ ላይ ነበርኩ» አለ። ለኔ እንኳን ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ ማይኩን ተጫነና ተናገረ። «ሳሚ ነኝ። በሰባ አንድ ነበር የምነዳው። ከሩቅ አይቻታለሁ፣ የምታልፍ መስሎኝ ነው። አልፋ አልጨረሰችም። ድምጹ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በእናታችሁ።» በቃ። ግሩፑ ላይ ማንም አልጻፈም። ሁለት መቶ ሰው ዝም ሲል በስልክ ላይ እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። ይሰማል።

ይሄ ጉዞ ምን አስተማረኝ ብትሉኝ፣ በአንድ ቮይስ የነዛሁትን ነገር በአንድ ቮይስ አልሰበስበውም። ሰው እየዞርኩ አንድ በአንድ ነው የምሰበስበው። ቅጣት ከሌለ ሰውም የለም ብለን ነበር የምንነዳው። እኛ ራሳችን በየሄድንበት «ስደተኛ፣ ማን ይጠይቀዋል» ሲሉን ደማችን የሚፈላ ሰዎች፣ መሬቱ የራሱ በሆነ ሰው በር ላይ ማን ይጠይቀናል ብለን ሮጥን። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ይሄን የምጽፈው ማክሰኞ ከስራ ስመለስ ነው። ቱቦው ተዘርግቷል። ሬይ ቴክስት አድርጎልኛል። ዛሬ ሶስት የኦሃዮ ቫን አለፈ። ሁለቱ በሰላሳ አራትና በሰላሳ ስድስት፣ አንደኛው ሮቤል ነው። ሶስተኛው በሰባ ስድስት። የታርጋውን ፎቶ ልኮልኛል፣ አውቀዋለሁ፣ ቤቱ ከኔ ሶስት ህንጻ ወዲያ ነው። ራት በልቼ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ሽማግሌ አልይዝም።